ያላመማት እግር

ውባንች ስትሄድ ከሩቅ ትታወቃለች። አንገቷን ወደ ፊት አስግጋ፣ አውቶቡስ እንዳያመልጠው እንደሚሮጥ ሰው ነው የምትራመደው። አውቶቡስ በማይጠበቅበት መንገድ ላይ እንኳ እንደዚያው ናት። የምንኖረው በእስራኤል፣ በቤር ሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ጊሜል በሚባል ሰፈር፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ እኔ ምድር ቤት፣ እሷ ከእኔ በላይ። መስኮቴ ወደ መንገዱ ስለሚያሳይ ሥራ ስትሄድም ስትመለስም አያታለሁ። አረማመዷን ስለማውቀው የተለወጠ ጊዜ ታወቀኝ።

ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። «ይጻፉት እማማ፣ ግን አያሳምሩት» ብላኛለች። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ ማሳመሩንም አልችልበት።

ሥራዋ በአረጋውያን መጦሪያ ነው። ሽማግሌዎቹ ከሩሲያም፣ ከሞሮኮም፣ ከሮማንያም የመጡ ናቸው። ስሟ ለአፋቸው ስለማይመች «ዎባ» ይሏታል። ታጥባቸዋለች፣ ታለብሳቸዋለች፣ ከአልጋ ላይ ታገላብጣቸዋለች። ብዙ የተኛ ሰው ገላው ስለሚቆስል፣ ተረከዛቸውንና ጀርባቸውን በየቀኑ እየገለጠች ማየት አለባት። አንዲት ሮማንያዊት አሮጊት ከእሷ በቀር ጥፍሯን ማንም እንዲቆርጣት አትፈቅድም አሉ። ውባንች ስለ እነሱ ስታወራ እንደ ልጆቿ ነው። «ዛሬ የአብራም ተረከዝ ቀልቷል፤ ትራስ አደረግሁለት» ትለኛለች፣ ገና ደረጃውን ሳትወጣ በሬ ላይ ቆማ።

የመጣነው በአንድ ዓመት፣ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ጉዞ ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ከርመን አውሮፕላን እንጠብቅ ነበር። በዚያ ጊዜ ከጎንደር ገጠር የወጣው ሕዝብ በኪራይ ቤት ተጨናንቆ፣ ኩፍኙና ተቅማጡ ሕፃናቱን ይጨርስ ነበር። ውባንችና ባሏ ቢምረው ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ ገና መቆም እየተለማመደ ነበር። ሲታመም የሰፈሩ አማኞች ሰበሰቡን፤ ጸለይን፤ ሦስት ቀን ጾምን። ልጁ ሞተ። በዚያው ሳምንት፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያላየነው አንድ ሰባኪ መጥቶ እጁን በትከሻዋ ላይ አድርጎ፣ «እህቴ፣ እምነትሽ ሙሉ ቢሆን ኖሮ ልጁ በተረፈ ነበር» አላት። እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። አላለቀሰችም። ራሷን ብቻ ነቀነቀች፤ ልክ ነህ እንደሚል ሰው።

እዚህ አገር ከገባች በኋላ ሳፒርን ወለደች። ከቢምረው ጋር ተለያዩ፤ እሱ ሐይፋ ሄደ። ሳፒርን ለብቻዋ አሳደገቻት። ስለ ወንዱ ልጅ አንድ ቀን አንስታ አታውቅም።

እኛ በኢየሱስ የምናምን ቤተ እስራኤል ነን። ምኩራብ የሚሄዱት ዘመዶቻችን «ክርስቲያኖቹ» ብለው በሩቁ ያዩናል፤ ከአገር ቤት የመጡ ክርስቲያኖች ደግሞ ሰንበት ስንጠብቅ አይተው «እናንተማ አይሁድ ናችሁ» ይሉናል። ለሁለቱም መልስ መስጠት ሰልችቶናል። ቅዳሜ ቅዳሜ በታየ ቤት እንሰበሰባለን። ታየ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ጸሎት የሚመራንም እሱ ነው። ቤቱ ሽኩና ቤት በሚባለው ሌላ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባቶቻችን እንዳስለመዱን ጫማችንን በር ላይ አውልቀን እንገባለን።

አንድ ሌላ ልማድ ደግሞ አለን። የተጸለየለት ሰው መዳኑን ካወቀ ተነስቶ ይመሰክራል፤ እልል ይባላል። ከመሰከረ በኋላ የበሽታውን ስም ዳግመኛ አይጠራም። ስሙን መጥራት በሽታውን መልሶ እንደ መጥራት ነው ብለን እናምን ነበር። ጥሩ ልማድ ይመስለን ነበር። ችግሩ የሚመሰክር እየጠፋ መምጣቱ ነው። ለልብ ጸለይን፣ ለኩላሊት ጸለይን፣ ለአንዲት እናት ዓይን ሙሉ ክረምት ጸለይን። ከጸሎት በኋላ ሻይ ሲጠጣ ወሬው ሁሉ ይኸው ሆነ። በሐዋርያት ጊዜ ጥላቸው ያረፈበት ሁሉ ይድን ነበር፤ ዛሬ እኛን ምን ነካን? አንዱ «ኃጢአት ነው» ይላል። አንዱ «ጥጋብ ነው» ይላል። «ሐኪም ቤቱ ቅርብ ሆነብን፤ ለእግዚአብሔር ቦታ አልተውንለትም» የሚልም አለ። ውባንች ትሰማለች፤ ብርጭቆ ትሰበስባለች።

ስኳር እንዳለባት ካወቀች ቆይታለች። ኪኒን ትወስድ ነበር። እግሯ ግን ማታ ማታ እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥላታል። ቀን በሥራ ላይ ትረሳዋለች፤ ስትተኛ ይጀምራታል። አንሶላ ሲነካት እንኳ አትችልም። በመስከረም በዓላት ማግስት ታየ እግሯን ይዞ ጸለየላት፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም፣ በሚቀጥለውም። እሷም ጾመች። ማቃጠሉ እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ብድግ አለች።

«ያቃጥለኝ የነበረው እግር» አለች። «ያ እግር አሁን አያመኝም። ይኸው!» ወለሉን በእግሯ ደበደበችው። «ይኸው! ይኸው!»

ታየ አለቀሰ። እኛም አለቀስን። ከሁሉም በላይ እልል ያለችው አገሬ የምትባለው እህታችን ናት፤ በጤና ጣቢያችን በሐኪሙና በእኛ ሰዎች መካከል እያስተረጎመች የምትሠራው። ያን ቀን የሁላችንም ፊት በርቶ ነበር። እኔ ግን የውባንችን ፊት እያየሁ ነበር። ደስታዋ እንደ እኛ ደስታ አልነበረም። ለብዙ ዓመት ተከስሶ ነጻ የወጣ ሰው ነበር የምትመስለው።

ኪኒኑን ያን ሳምንት ተወችው። ታየ ተይው አላላትም። ራሷ ናት የተወችው። ድኛለሁ ብሎ መስክሮ መድኃኒት መዋጥ እንዴት ይሆናል? ሳፒር ይህን ያወቀች ዕለት ጩኸታቸው እኔ ቤት ድረስ ተሰማ፤ ደረጃውን ወጥቼ በራቸው ላይ ቆምኩ። ልጅቷ ያን ጊዜ እንደ አገሩ ሕግ ወደ ወታደር ቤት ልትገባ ጥቂት ወር የቀራት ናት። እናቷ በአማርኛ ትናገራታለች፤ እሷ «ኢማ»፣ እናቴ፣ እያለች በዕብራይስጥ ትመልሳለች።

«ኢማ፣ ዳይ! በቃ! ሐኪም ነው የሚያድነው።»

«እኔን ያዳነኝ ሌላ ነው።»

«ለሌሎቹስ? ለባለ ኩላሊቱ ሰውዬስ? ኢየሱሳችሁ ሽቪታ፣ አድማ ላይ ነው እንዴ፣ እንደ ማዘጋጃ ቤቱ? ሥራ አቁሞ ላንቺ ብቻ ከፈተ?»

የውባንች ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ፦ «ለእኔ ብቻ ቢከፍት ምን አለበት? አንድ ጊዜ ዘግቶብኝ ነበር።»

ሳፒር ምን እንደ ተባለች አልገባትም። እኔ ግን ገባኝ፤ ያን ቀን ምግብ አልበላልኝም።

ከዚያ ወዲህ ነው አረማመዷ የተለወጠው። ከዚያ በፊት ኮረት ያለበትን ቦታ ትዞራለች፤ አሁን ዝም ብላ ትረግጠዋለች። እግሯ መሬቱን የሚረግጠው እንደ ዱላ ሆነ፤ ጧ፣ ጧ ይላል። አንድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገብታ ሻይ ቀዳሁላት። ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ተቀምጣለች። ብርጭቆው አዳልጧት እግሯ ላይ ተገለበጠ። ገና ከእሳት የወረደ ሻይ ነው። እኔ ጮህኩ። እሷ እግሯን አላነሳችም። ጎንበስ ብላ ወለሉን ዳበሰችና «ምንጣፍዎ ረጠበ» አለችኝ።

«እግርሽስ?»

«እግሬ ምን ሆነ?»

ካልሲዋ ይጨስ ነበር።

ያን ዕለት ማረፍ አቃተኝ። በጣቴ እየተከተልኩ የማነበው መጽሐፍ ላይ ለምጻሞቹ የዳኑ ጊዜ ሂዱና ለካህኑ ታዩ መባላቸውን አስታወስኩ። በነጋታው ደረጃውን ወጣሁና ነገርኳት። «ልጄ፣ የዳነ ሰው መታየት ነበረበት እኮ። ቁስላቸው መጥራቱን ሰው እንዲያየው ተልከዋል። አንቺም ታዪ። ምን ይጎዳል?»

«ለማን ልታይ? ለአገሬ?» አለች ሳቅ ብላ። «እልል ካለች በኋላ ደግሞ ዳኝ ትሁን?»

አገሬም ደውላላት ነበር። የደም ምርመራ ቀጠሮ አለፈሽ ብትላት፣ «ከሁሉ በላይ የጮህሽው አንቺ አይደለሽም? ነው ወይስ እዚያ ሥራሽ ላይ ሌላ ሰው ነሽ?» ብላ ዘጋችባት። አገሬ ገበያ ላይ አግኝታኝ ቲማቲም እየመረጠች ዓይኔን ሳታይ ነገረችኝ። «ምን ልበላት እማማ ፀዳል? እዚያ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ስኳርሽ እንዲህ በአንድ ወር አይጠፋም ማለት አለብኝ። ቅዳሜ ደግሞ አጠገቧ ነው የምቀመጠው። ሌላ ጤና ጣቢያ እንዳትሄድ ዕብራይስጡ አይበቃትም። እኔ ጋ እንዳትመጣ እኔ አለሁ።» ቲማቲሙን ሳትገዛ ሄደች።

እኔም ብዙ አልገፋሁም። ማታ ማታ ተኝቶ ማደር ምን ማለት እንደሆነ በስንት ዓመቷ አገኘች። ይህን ከእጇ ልንጠቅ? ግን ከመስኮቴ ባየኋት ቁጥር ዓይኔ እግሯ ላይ ነበር።

ያ ክረምት፣ እዚህ አገር ታኅሣሥ ላይ ነው፣ ከጋዛ የሚተኮሰው ሮኬት ከተማችን ድረስ መድረስ የጀመረበት ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ሳይረን ሲጮህ አንድ ደቂቃ ያህል አለን፤ ወደ ሚቅላት፣ በየሕንፃው ሥር ወዳለው መጠለያ መውረድ ነው። መንግሥት አትሰብሰቡ ይለን ነበር፤ እኛ ግን እንዲያ ባለ ጊዜ ካልተጸለየ መቼ ሊጸለይ ነው ብለን ቅዳሜ ታየ ቤት ሄድን። ጸሎቱ አልቆ ሻይ ሲቀዳ ሳይረኑ ጮኸ።

ጫማ ያሰበ ሰው አልነበረም። ሁሉም በባዶ እግሩና በካልሲው በሩን ተጋፍቶ ወጣ። የብርጭቆው ትሪ በር ላይ ወድቆ ተሰባበረ። እኔን ታየ በብብቴ ይዞ ያወርደኛል፤ ውባንች የአንዷን ጎረቤት ሕፃን ታቅፋ ከፊታችን ትሮጣለች። ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ታች ወረድን። የመጠለያው የብረት በር ተዘጋ። ቡም የሚል ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፤ ግድግዳው ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ሰው ሁሉ «ተመስገን» አለ። ሕፃኑ አለቀሰ።

ያኔ ነው አንዱ «ደም!» ያለው።

በሲሚንቶው ወለል ላይ ከበሩ ጀምሮ ቀይ የእግር ምልክት ነበር። አንድ እግር ብቻ ነው፤ የግራ።

ውባንች ከሁሉም ቀድማ አየችው። ሕፃኑን ለእናቱ አቀበለች። «ማነው የቆሰለው? ሰው ደምቷል እኮ! ቁሙ፣ አትንቀሳቀሱ!» አለች። ሥራዋ ነውና ወዲያው ተንበረከከች። የልጆቹን እግር አንድ በአንድ እያነሳች ውስጡን ማየት ጀመረች። «አንተ ደህና ነህ። አንቺስ? አሳዪኝ፣ አትፍሪ።» የአዋቂዎቹንም ያዘች። የእኔን ካልሲ አውልቃ ተረከዜን በአውራ ጣቷ ዳበሰች። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄድ ከኋላዋ ቀዩ ምልክት ይከተላታል። ሁሉም አይቷል። እሷ ብቻ አላየችም።

«ውባንች» አልኳት። «ልጄ፣ አንቺ ነሽ።»

«ምኑ ነኝ?»

«የደማሽው።»

ሳቀች። «እኔን አያመኝም እኮ።»

አገሬ ተንበርክካ እግሯን አነሳችው። ካልሲው በደም ርሷል። ስትገፈው የብርጭቆ ስባሪ ወደ ውስጥ ገብቶ ይታያል። ከስባሪው አጠገብ ግን ሌላ ቁስል አለ፤ የቆየ፣ ጠርዙ የጠቆረ፣ ሽታ ያለው። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች መልካቸው ተለውጧል። አገሬ ስልኳን አውጥታ በዕብራይስጥ አምቡላንስ ጠራች።

«ማንን ነው የምትጠሪው? ዝጊው!» አለች ውባንች። እግሯን ነጥቃ ከግድግዳው ጋር ተጣበቀች። «ብርጭቆ ነው። እቤቴ አጥበዋለሁ።»

«ብርጭቆው ዛሬ ነው የገባው፤ ያኛውስ?» አለች አገሬ። «ያኛው ብዙ ሳምንት የሆነው ነው። ስኳሩ እግርሽን ስላደነዘዘው ነው ያልተሰማሽ። ጣትሽን እዪው እስኪ። እግርሽ ሊቆረጥ ነው፤ ካልቆረጡትም ወደ ደምሽ ገብቶ ይገድልሻል!»

«ስሙን አትጥሪው!» ጆሮዋን ያዘች። «መስክሬያለሁ! ሁላችሁ ሰምታችኋል! ሆስፒታል ሄጄ ምን ልል ነው? እግዚአብሔር አዳነኝ ብዬ ዋሸሁ ልል ነው?»

«አልዋሸሽም» አልኳት። «አያመኝም ነው ያልሽው። አያምሽምም።»

«እና ካልዳንኩ?» ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኖቿ ተበልጥጠው ነበር። «እርስዎ ነበሩ እማማ። አዲስ አበባ አጠገቤ ነበሩ። ያ ሰውዬ ያለኝን ሰምተዋል። አሥራ ስምንት ዓመት እምነቴ ትንሽ ነው ብዬ ኖርኩ። የእግሬ ማቃጠል ሲተወኝ በቃ፣ ትንሽ አልነበረም አልኩ። ልጁን እኔ አልገደልኩትም አልኩ። አሁን ይህን ከወሰዳችሁብኝ...» አልጨረሰችውም።

በመጠለያው ውስጥ ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ታየ ከሕዝቡ መሐል ወጥቶ ወለሉ ላይ ከፊቷ ተቀመጠ። ደሙ ላይ ነው የተቀመጠው።

«እህቴ ውባንች፣ አምቡላንሱ ሲመጣ ትሄጃለሽ» አላት።

«እርስዎም? እርስዎ አይደሉም እግሬን ይዘው የጸለዩት? በመቅደሱ በር ያ ሽባ ሲዘል አላነበቡልንም? የእነሱ እግዚአብሔርና የእኛ እግዚአብሔር ሌላ ነው? አርጅቶ ነው? ለምንድን ነው ታዲያ ለእነሱ ያ ሁሉ፣ ለእኛ ይኸው? ይንገሩኝ! ኃጢአቴ ነው? እምነቴ ነው? ምንድን ነው?»

ታየ ለሁሉ ነገር መልስ ያለው ሰው ነው። አንድ ጥቅስ ስትጠይቀው ሦስት ይሰጥሃል። ፊቱን በሁለት እጁ አሸው።

«አላውቅም» አለ።

«እንዴት አያውቁም?»

«አላውቅም ውባንች። ስንት ዓመት ሙሉ እጄን ሰው ላይ እየጫንኩ፣ ለምን አንዱ እንደሚድን፣ ለምን ብዙው እንደማይድን አላውቅም። እኔ ብቻም አይደለሁም፤ ያወቀ ሰውም አላየሁም። አውቃለሁ ያለኝ ሰው ብዙ ነው፤ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። እኔም እንደዚያ አውርቻለሁ። ግን አላውቅም።»

ውባንች ትክ ብላ አየችው። ከውጭ የአምቡላንስ ድምፅ መምጣት ጀመረ።

«ያ ሰውዬስ?» አለች ቀስ ብላ። «ስለ ልጁ የተናገረኝ ሰውዬስ?»

«እሱም አያውቅም ነበር።»

«አያውቅም ነበር?»

«ከየት ያውቃል?» አልኳት እኔ። «መንገደኛ ነበር። መጣ፤ ተናገረ፤ ሄደ።»

ያኔ አዲስ አበባ ያላለቀሰችው ነው መሰለኝ የመጣው። ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ አፏን ከፍታ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። «አያውቅም ነበር» ትላለች። «ኸረ እናቴ፣ አያውቅም ነበር!» የአምቡላንሱ ልጆች ሲገቡ እግሯን ራሷ ዘረጋችላቸው።

በማግስቱ ቀን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ከታየ ጋር ተቀምጠን ጠበቅን። ሐኪሙ እስከ ምን ድረስ እንደምንቆርጥ ስንከፍተው እናያለን ብሏል፤ ጣት ሊሆን ይችላል፣ ከጉልበት በታችም ሊሆን ይችላል። ሳፒር ከመስኮቱ ጋር ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ሌሊቱን እናቷ ስለ ወንድሟ ነግራታለች። ወንድም እንደነበራት ያን ቀን ነው ያወቀችው።

ታየ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል።

«እማማ፣ አገር ቤት ግን በዓይኔ አይቻለሁ» አለኝ። «ወገራ፣ በቃሬዛ የመጣች ሴት በእግሯ ስትሄድ አይቻለሁ። ማንም አልነገረኝም።»

«አይተሃል፤ አምንሃለሁ» አልኩት። «በቃሬዛ መጥተው ያልሄዱትስ?»

«እነሱንማ ዘመዶቻቸው ተሸክመው መለሷቸው።»

«ከዚያስ ምን ሆኑ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ማን ተከትሎ ያያል?»

እኔ የማስበው እንዲህ ነበር፦ አገር ቤት የዳነው ይናገራል፤ ያልዳነው በየጎጆው ይተኛል፤ ወሬው ሁሉ የዳነው ሰው ወሬ ነው። እዚህ አገር ሐኪሙ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሺና አሳዪኝ ይላል። ስለዚህ ያልዳንነው ሁላችን በአንድ ኮሪደር ላይ ተራ ይዘን እንተያያለን። ምናልባት ፈውሱ አልቀነሰም፤ ያልተፈወሰው መታየት ጀመረ እንጂ። እንዲህ ብዬ ልቤን ላሳርፈው ፈለግሁ፤ አላረፈም። ያቺ በቃሬዛ የመጣች ሴት ሄዳለች። ታየ አይዋሽም። ታዲያ እሷ ለምን ሄደች?

ሳፒር ከመስኮቱ ዞረች። «ሳቭታ፣ መጸለይ ትችላላችሁ» አለችን፤ ሳቭታ፣ አያቴ፣ የምትለኝ እኔን ነው። «እኔ አላምንም፤ እናንተ ግን ትችላላችሁ። ዝም ብላችሁ አትቀመጡ።»

ታየ «እባክህ» አለ። ሌላ አልጨመረም። እኔም «እባክህ» አልኩ።

ሁለት ጣትና ከእግሯ ጎን ጥቂት ሥጋ ነው የወሰዱት። እግሯ ተረፈ። ከማኅበራችን አንዳንዱ እግሯ መትረፉ ራሱ ተአምር ነው ብሎ እልል ሊል ቃጣው። አንዳንዱ ደግሞ እምነቷን ሐኪም ፊት ጣለች አለ። ውባንች ለሁለቱም «ተዉኝ» አለቻቸው። ስሙን አትጥሩ የሚለውን ልማድ ታየ አስቀረው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ያልተሻለውም ተነስቶ አልተሻለኝም ይላል። ከባድ ነው፤ ሰዓቱም ይረዝማል። ጥቂት ሰዎች ጉባኤው ቀዘቀዘ ብለው ቀርተዋል። ልክ ይሁኑ አይሁኑ እኔ እርግጠኛ አይደለሁም።

ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፤ ቀለል ያለ ሥራ ሰጥተዋታል። ኪኒኗን ትውጣለች፤ መርፌም ጀምራለች። ሳፒር ወታደር ቤት ካልሆነች ማታ ማታ የእናቷን እግር በመስተዋት ታይላታለች። ሳፒር በሌለችበት እኔ አይላታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ መልስ በቀጥታ እኔ ጋ ገባች። ፊቷ ትክክል አልነበረም።

«በሩን ይዝጉት እማማ።»

ዘጋሁት።

«ዛሬ መታጠቢያ ቤት ስገባ» አለች፣ «ወለሉ ቀዘቀዘኝ።»

«የትኛውን እግርሽን?»

«ያንን።»

እጄ ሳላስበው ወደ አፌ ሄደ፤ እልልታው ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል። እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። «እንዳያደርጉት! በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ እንዳያደርጉት። ምን እንደሆነ አላውቅም። መስሎኝ ሊሆን ይችላል። አገሬን ስጠይቃት ስኳሩ ሲስተካከል ስሜቱ አንዳንዴ ትንሽ ይመለሳል፣ አንዳንዴም አይመለስም አለችኝ።»

«ከእግዚአብሔር ነው ወይስ ከኪኒኑ?»

«አላውቅም አልኩዎት እኮ! ሐሙስ ሐኪሙ ያየኛል።»

«እስከ ሐሙስ እንዴት እንችላለን?»

«እኔስ እንዴት እንደምችል!»

ተቀምጣ ካልሲዋን አወለቀች። እኔ ከመሳቢያ የሻይ ማንኪያ አመጣሁ። ዓይኗን እንድትጨፍን አደረግሁና በማንኪያው እጀታ ተረከዟን ነካሁ።

«ነካሁሽ?»

«አልነኩኝም።»

ወደ መሐል እግሯ ሄድኩ። «አሁንስ?»

«አይ።»

ጣቶቿ ከነበሩበት አጠገብ፣ ጠባሳው ዳር፣ ቀስ ብዬ ነካሁ። ምንም አላልኩም። ግንባሯ ተኮማተረ። ትንፋሿን ያዘች።

«ቆይ» አለች። ዓይኗን አልገለጠችም። «ቆይ... እንደገና ይንኩኝ።»